ፍሪ ፍራንክ፦ ቤተሰቡን አንድ በአንድ የተቤዠው ሰፋሪ

(በሴንት ሉዊስ ለተሰበሰቡ ወገኖች በቃል ከቀረበ ንግግር ተስተካክሎ የተጻፈ። ሌላ ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ እንደምን ዋላችሁ።

ከመካከላችሁ የጭነት መኪና የምትነዱ ኢንተርስቴት 72ን ታውቁታላችሁ። ከስፕሪንግፊልድ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሚሲሲፒ ወንዝና ወደ ሃኒባል የሚወስደው መንገድ ነው። ወንዙ ጋ ለመድረስ ጥቂት ሲቀር በግራም በቀኝም የሚታየው በቆሎና አኩሪ አተር ብቻ ነው። እዚያ ባሪ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከእሷ ጥቂት ማይል በስተምሥራቅ ሣር የለበሰ ሜዳ አለ። ቤት የለበትም፣ ሱቅ የለበትም። ስንቶቻችን በአጠገቡ አልፈናል! በዚያ ሜዳ ላይ ግን አንድ ጊዜ ከተማ ነበረ፤ ኒው ፊላዴልፊያ ይባል ነበር።

ዛሬ የማወራችሁ ያንን ከተማ ስለ ቆረቆረው ሰው ነው። ስሙ ፍራንክ ማክዎርተር ነው፤ ሰው ግን ፍሪ ፍራንክ፣ ነጻው ፍራንክ ይለው ነበር። በባርነት ተወልዶ እስከ 42 ዓመቱ ድረስ የሰው ንብረት ሆኖ ኖረ። በ53 ዓመቱ ወደ ኢሊኖይ ተሰደደ። በ59 ዓመቱ ከተማ ቆረቆረ። ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በፊት ጥቁር ሰው ራሱ ቀይሶ በሕግ ካስመዘገባቸው ከተሞች እስካሁን የሚታወቀው የመጀመሪያው ይህ ነው።

ስለ እርሱ የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ ከዚሁ ከከተማው ይጀምራል። እኔ ግን ለብዙ ጊዜ በሐሳቤ ስመላለስበት የኖርኩት ሌላ ነገር ነው፤ የዚህ ሰው ገንዘብ የት ገባ? መጀመሪያ ማንን ገዛ? ቀጥሎስ? ማንን ትቶ ሄደ? የተወውን ለመመለስ ምን ሸጠ? እነዚህን በየተራ ስንጠይቅ የቤተሰቡ ታሪክ ራሱ እየተገለጠልን ይሄዳል። ስለዚህ ታገሡኝና የብሩን መንገድ ተከትለን እንሂድ።

ፍራንክ በ1777 በደቡብ ካሮላይና፣ ዩኒየን በሚባል አውራጃ ተወለደ። እናቱ ጁዳ ከምዕራብ አፍሪካ ተይዛ የመጣች ሴት ነበረች። አባቱ፣ ቤተሰቡ ሲወርድ ሲዋረድ እንዳስተላለፈው፣ የጁዳ ጌታ የነበረው ጆርጅ ማክዎርተር ራሱ ነው። ይህ ለልጁ የጠቀመው ነገር አልነበረም። በዚያ አገር ሕግ ልጅ የሚወርሰው የእናቱን ዕጣ ነው፤ እናቲቱ ባሪያ ከሆነች አባትየው ማንም ይሁን ማን ልጁ ባሪያ ነው። እኛ በአባት ስም የምንጠራ ሕዝብ ስለሆንን ነገሩ እንግዳ ሊሆንብን ይችላል። ግን ልብ በሉት፤ ፍራንክ ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ሥራ የተንጠለጠለው በዚሁ በአንድ ሕግ ላይ ነው።

በ1795 ጌታው ወደ ኬንታኪ ሲሰፍር ወጣቱን ፍራንክን ይዞት ሄደ። ፑላስኪ በሚባለው አውራጃ ጫካ መነጠሩ፣ ጎጆ ቀለሱ፣ ማሳ አወጡ። ሰፋሪ ሲባል በዓይነ ሕሊናችን የሚመጣው ጠመንጃውን የታጠቀ፣ ቤተሰቡን በሠረገላ የጫነ ነጭ ገበሬ ነው። ያንን ጫካ በመጥረቢያ የጣለው ግን የብዙ ቦታ ታሪክ ሲመረመር እንደ ፍራንክ ያለ ሰው ሆኖ ይገኛል። ለሌላ ሰው አገር ያቀና ነበር።

በ1799 ሉሲ የምትባል ወጣት አገባ። ሉሲ የጎረቤት ባሪያ ነበረች። ሕጉ የባሪያን ጋብቻ አያውቅም ነበርና ያለ ወረቀት፣ በሁለት የተለያየ ጌታ ደጅ ሆነው ተጋቡ። ልጆች ወለዱ። በባርነት ከተወለዱት መካከል ከሰነድ የምናውቃቸው አራት ናቸው፤ ጁዳ፣ ትንሹ ፍራንክ፣ ሳሊና ሰሎሞን። የመጀመሪያዋ ልጅ በአያቷ ስም መጠራቷን ልብ አላችሁ? ከአፍሪካ የመጣችው ሴት ስም እንዳይጠፋ አድርገውታል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። በዚያ ዘመን አንዳንድ ጌቶች ባሪያቸው በትርፍ ሰዓቱ ለሌላ ሰው እየሠራ፣ ከሚያገኘው የተወሰነውን ለጌታው እየከፈለ፣ የቀረውን ለራሱ እንዲይዝ ይፈቅዱ ነበር። ፍራንክ ቀን የጌታውን እርሻ ይሠራል፤ የቀረውን ሰዓት ለራሱ ይሠራል። እየቆየም ጌታው ወደ ሌላ ቦታ ሲሄድ እርሻውን የሚያስተዳድረው እርሱ ሆነ።

ለራሱ የመረጠው ሥራ የባሩድ ጨው ማውጣት ነበር። ሶልትፒተር ይሉታል። ኬንታኪ ዋሻ የሞላበት አገር ነው፤ በዋሻዎቹ ውስጥ ያለው ደረቅ አፈር ይህን ጨው ይዟል። አፈሩን ቆፍሮ በጀርባ ማውጣት አለ። ከዚያ በእንጨት ገንዳ ይሞላና ውኃ ይፈስበታል። ውኃው በአፈሩ ውስጥ አልፎ ከሥር ጠብ ጠብ ሲል ይጠራቀማል። እርሱን ከእንጨት አመድ ውኃ ጋር ያዋህዱታል፤ በትልቅ የብረት ድስት አፍልተው ሲያቀዘቅዙት ነጭ ጨው እየረጋ ይወጣል። ያለዚያ ጨው ባሩድ የለም። በ1812 አሜሪካና እንግሊዝ ጦርነት ሲገጥሙ ዋጋው ሰማይ ነካ። ፍራንክም በራሱ ስም የሚሠራበት የጨው ማውጫ አቆመ።

እስቲ ይህን ሰው በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱት። ማንበብና መጻፍ አያውቅም። በሕግ ፊት እርሱ ራሱ የጌታው ዕቃ ስለሆነ የያዘው ብርም የጌታው ነው፤ ማንም ተነሥቶ ቢወስድበት የሚከስበት ችሎት የለም። እንዲህ ሆኖ ነው ሳንቲም በሳንቲም ላይ ያጠራቀመው።

ጌታው ጆርጅ በ1815 ሞተ። የፍራንክን ነጻነት የሚመለከት አንድም ቃል በጽሑፍ አልተወም። ፍራንክ ከእርሻውና ከከብቱ ጋር ወደ ወራሾቹ ተላለፈ፤ ያንን እርሻ ለዓመታት ያስተዳደረው እርሱ ነው።

በ1817 በእጁ 800 ዶላር ነበረው። ከዚህ ላይ እንቁም። አርባ ዓመቱ ነው። ራሱን ነጻ ቢያወጣ ኖሮ ማንም አይፈርድበትም፤ ነጻ ሰው እንደልቡ ሠርቶ ቶሎ ያገኛል፣ ከዚያ ሚስቱን ይገዛል ብሎ ማሰብም ያስኬዳል። እርሱ ግን በ800 ዶላር ሉሲን ገዛ። ሉሲ ነፍሰ ጡር ነበረች። ያን የልጅ-በእናቱ ሕግ አስታወሳችሁት? ፍራንክ ራሱን ቢገዛ አንድ ሰው ነጻ ይወጣል፤ በሉሲ ማሕፀን ያለው ልጅ ግን ባሪያ ሆኖ ይወለዳል፣ ከእርሱ በኋላ የሚመጡትም እንደዚሁ። ሉሲን ሲገዛ ሁለት ሰው ነጻ ወጣ፤ ገና ያልተወለዱትም አብረው ወጡ። በዚያው ዓመት የተወለደው ልጅ ስኳየር ተባለ። በማክዎርተር ቤት ነጻ ሆኖ የተወለደ የመጀመሪያው ልጅ ነው፤ ሲወለድ አባቱ ገና ባሪያ ነበር።

እኔ ይህን ባነበብኩ ቁጥር እንባ ይቀድመኛል። ፊደል ያልቆጠረ ሰው፣ ሰውን ለማሰር የተጻፈውን ሕግ ከጠበቆች በላይ አውቆታል፤ ያንኑ ሕግ ደግሞ ልጆቹን ለማውጣት ተጠቅሞበታል።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1819፣ ራሱን በሌላ 800 ዶላር ገዛ። በ1820 የሕዝብ ቆጠራ መዝገብ ላይ «ፍሪ ፍራንክ» ተብሎ ሰፈረ። የአያት ስም ገና የለውም። ያለው ስም ያ ብቻ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ፈተና ትንሹ ፍራንክ ነው። ይህ ልጅ በ1826 ጠፍቶ ወደ ካናዳ ሸሸ። ካናዳ ደርሷል፣ ነጻ ነው ማለት ይቻላል። ግን ወደ ቤቱ መመለስ አይችልም፤ እናቱን ማየት አይችልም፤ በየትኛውም የአሜሪካ መንገድ ላይ ባሪያ ፈንጋይ ሊይዘው ይችላል። አባትየው በ1829 ምን አደረገ መሰላችሁ? ለብዙ ዓመታት የለፋበትን፣ የሀብቱን ሁሉ ምንጭ፣ የባሩድ ጨው ማውጫውን አሳልፎ ሰጠና የልጁን ነጻነት በልዋጩ ወሰደ። እስቲ የእንጀራችሁን ገመድ በገዛ እጃችሁ ስትቆርጡ አስቡት። እኔ ከዚህ ሰው ሕይወት ሁሉ ደፋሩ ውሳኔ ይህ ይመስለኛል። ስደቱም የሚከተለው ከዚህ ነው፤ ማውጫው ከሄደ በኋላ ኬንታኪ ላይ ያቆየው ብዙ ነገር አልነበረም።

በ1830 በኬንታኪ የቀረውን ሸጦ በኢሊኖይ፣ ፓይክ በሚባለው አውራጃ 160 ኤከር መሬት ገዛ። ቦታውን በዓይኑ አላየውም ነበር። አንድን ጋሻ 40 ሄክታር ብለን ብንይዝ ከአንድ ጋሻ ተኩል ጥቂት ይበልጣል።

ስለዚህ መሬት አንድ ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ። በሚሲሲፒና በኢሊኖይ ወንዞች መካከል ያለው አገር የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች የሆኑት የሶክና የመስክዋኪ ምድር ነበር። መንግሥት በ1804 ውል እጁ አስገብቶት ሚሊዮኖች ኤከሩን በ1812ቱ ጦርነት ለዘመቱ ወታደሮች በ160 በ160 ኤከር አደለ። ብዙዎቹ ወታደሮች ሳያዩት ሸጡት። ፍራንክ እዚያ በደረሰ በዓመቱ፣ በ1832፣ የሶኩ መሪ ብላክ ሆክ ሕዝቡን ይዞ ወደ ቀድሞ ምድሩ ሊመለስ ሲሞክር በጦር ተሸነፈ። የ1812ቱ ጦርነት ባሩድ ለፍራንክ ገንዘብ አመጣለት፤ የዚያው ጦርነት ጉርሻ መሬት ደግሞ መስፈሪያ ሆነው። የእርሱ ቤተሰብ ነጻነት ያገኘበት ምድር የሌላ ሕዝብ እንባ ያለበት ነው። ሁለቱንም አብረን ልንይዝ ይገባል።

በ1830 መገባደጃ ጉዞ ጀመሩ። ሠረገላው ላይ ሉሲ፣ በቤዛ የተመለሰው ትንሹ ፍራንክ፣ ነጻ ሆነው የተወለዱት ስኳየር፣ ኮሞዶርና ሉሲ አን አሉ። ጁዳ፣ ሳሊና ሰሎሞን ግን በኬንታኪ በባርነት ቀሩ። ከሞቀ ቤቱ ወጥቶ፣ ወላጅ ወይም ልጅ ወደ ኋላ ትቶ የተሰደደ ሰው በዚህ አዳራሽ ውስጥ ብዙ ነው፤ ያ ጠዋት ምን እንደሚመስል ለእናንተ አልተርክም።

ክረምቱን በመንገድ አሳልፈው በ1831 ጸደይ ሃድሊ የሚባለው ቀበሌ ደረሱ። ኢሊኖይ ባርነት የማይፈቀድበት ግዛት ነው ይባላል፤ ይህ ማለት ግን ጥቁር ሰው በእልልታ የሚገባበት ነበር ማለት አይደለም። በ1829 የወጣ ሕግ ነጻ ጥቁር ወደ ግዛቲቱ ሲገባ የነጻነት ወረቀት እንዲያሳይና የ1,000 ዶላር ዋስ እንዲያቀርብ ያዝዝ ነበር። ጥቁር አይመርጥም፤ በነጭ ላይ በችሎት አይመሰክርም። ሚሲሲፒን የተሻገሩ እንደሆነ ደግሞ ሚዙሪ ነው፤ ይህ እኛ ዛሬ የተቀመጥንበት ግዛት ማለት ነው፤ የባርነት አገር። ከፍራንክ እርሻ እስከ ሃኒባል በፈረስ ከአንድ ቀን ያነሰ መንገድ ነው። ባሪያ ፈንጋይ በሌሊት ወንዝ ተሻግሮ ነጻ ሰውን አፍኖ ቢወስድ ጩኸቱን የሚሰማለት ዳኛ አያገኝም።

እንዲያም ሆኖ ቤት ሠሩ፣ ሣር የበቀለበትን ጥቁር አፈር አረሱ። የዚያ አገር አፈር እንደ እኛ መረሬ ማረሻ ላይ የሚጣበቅ ነው፤ ጆን ዲር የሚባለው አንጥረኛ በዚያው በኢሊኖይ የአረብ ብረት ማረሻውን የሠራው በ1837 ነው፤ እነ ፍራንክ የመጀመሪያ ዓመቶቻቸውን የገፉት ያለዚያ ነበር። ስንዴና በቆሎ ዘሩ፣ ከብትና አሳማ አረቡ። በ1835 ፍራንክ ወደ ኬንታኪ ተመልሶ ልጁን ሰሎሞንን በ550 ዶላር ገዝቶ አመጣው። ነጻ ወረቀቱን በደረቱ ይዞ፣ ብር በኪሱ ሸጉጦ፣ ባሪያ ወደ ነበረበት አገር ተመለሰ። መንገድ ላይ ያቺን ወረቀት የሚቀማው ሰው ቢያጋጥመውስ?

አሁን ሒሳብ እንሥራ። ከ1820 ጀምሮ የመንግሥት መሬት ዝቅተኛ ዋጋ አንዱ ኤከር 1 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነበር። ሉሲ የተገዛችበት 800 ዶላር በዚያ ዋጋ 640 ኤከር ይገዛል፤ ስድስት ጋሻ ተኩል ያህል። ፍራንክ ራሱን የገዛበት ሌላ ስድስት ጋሻ ተኩል። ሰሎሞን 440 ኤከር፤ አራት ጋሻ ተኩል ገደማ። ነጭ ጎረቤቱ ያንኑ ያህል ደክሞ ያንኑ ያህል ብር ቢያገኝ መሬት ይገዛበታል፤ መሬቱ ይወልዳል፣ ልጆቹ ይወርሱታል፣ የልጅ ልጆቹ እስከ ዛሬ ያርሱታል። ፍራንክ ያንን ብር የሚከፍለው የራሱን ልጅ ለማስመለስ ነው። የአሜሪካ ጥቁሮች መሬትና ሀብት ለምን አነሳቸው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሲያጋጥመኝ የምነግረው ይህን ሒሳብ ነው። የቤተሰቡ ርስት የት ገባ ቢባል፣ ገንዘቡ ሰው ሆኖ ቆሟል።

ሁለቱ ሴት ልጆቹ ቀርተዋል። በእርሻ ብቻ ለእነርሱ የሚሆን ገንዘብ ለማግኘት ዕድሜ አይበቃውም፤ ስለዚህ በ1836 አዲስ ነገር አሰበ። 80 ኤከር የመንግሥት መሬት ገዛ፤ ከዚያ ላይ 42 ኤከሩን ከተማ አድርጎ አስቀየሰ። 20 ብሎክ፣ 144 የቤት ቦታ፤ አንዱ ቦታ 60 ጫማ በ120 ጫማ። ብሮድዌይና ሜይን ስትሪት የሚባሉ ሰፋፊ መንገዶች አሉት። ካርታውን በአውራጃው መዝገብ ቤት አስመዘገበና ስሙን ኒው ፊላዴልፊያ አለው። በዚያ ዘመን ኢሊኖይ ውስጥ ከተማ ቀይሶ ቦታ መቸብቸብ ትልቅ ንግድ ነበር፤ ብዙዎች ቀይሰው ብዙዎች ከሰሩ። የፍራንክን ከሌሎቹ የሚለየው ምክንያቱ ነው። የቤት ቦታዎቹ ሽያጭ በባርነት ለቀሩት ልጆቹ መግዣ እንደሚውል በጊዜው በተጻፈ ሰነድ ላይ ሰፍሯል። ከተማውን የቆረቆረው ለሴት ልጆቹ ቤዛ ነው።

ግን አንድ እንቅፋት ነበር። የአያት ስም የሌለው፣ በችሎት የመክሰስ መብቱ ያልተረጋገጠ ሰው የሸጠው ቦታ ነገ ቢካድበት ምን ያደርጋል? ስለዚህ በ1837 ለኢሊኖይ ሕግ አውጪ ምክር ቤት አመለከተ። ምክር ቤቱ ለእርሱ ብቻ የሚሆን ሕግ አወጣለት፤ ከዚያ በኋላ ስሙ ፍራንክ ማክዎርተር እንዲሆን፣ እንዲከስና እንዲከሰስ፣ ንብረት እንዲገዛና እንዲሸጥ፣ ልጆቹም በዚያ ስም እንዲጠሩ። ምክር ቤቱ ያኔ የሚሰበሰበው በቫንዴሊያ ነበር፤ አብርሃም ሊንከን የሚባል በሃያዎቹ መጨረሻ ያለ ወጣትም ከአባላቱ አንዱ ነበር። ፍራንክ የወሰደው ስም የቀድሞ ጌታው ስም ነው፤ ቤተሰቡ እንደሚለው ደግሞ የአባቱ። አጻጻፉን ግን ለወጡት፤ ከእንግሊዝኛው አጻጻፍ መሐል አንድ ፊደል፣ h፣ ጣሉለት። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1839፣ ፍራንክና ሉሲ አርባ ዓመት በትዳር ከኖሩ በኋላ በሕግ ተጋቡ።

ከተማው ሰው አገኘ። ቦታ የገዙት ጥቁርም ነጭም ነበሩ። አንጥረኛ፣ ጫማ ሰፊ፣ ሠረገላ ሠሪ፣ ባለሱቅ ገቡበት፤ ለጥቂት ዓመታት ፖስታ ቤትም ነበረው። በ1865 በተደረገው ቆጠራ ነዋሪው 160 ያህል ደርሶ ነበር፤ ከሦስት እጅ አንድ እጅ ገደማው ጥቁር ነው። ጥቁርና ነጭ አጥር ለአጥር ተዋስኖ፣ ከአንድ ሱቅ ገዝቶ ይኖር ነበር። በ1874 የተሠራው ትምህርት ቤትም የሁለቱንም ልጆች አብሮ አስተምሯል። ቤተሰቡ እንደሚያስተላልፈው ከሚዙሪ አምልጠው ወንዝ የሚሻገሩ ባሪያዎች በማክዎርተር ቤት ይሸሸጉ ነበር፤ ወንዶቹ ልጆች ደግሞ እስከ ካናዳ ይሸኟቸው ነበር። ትንሹ ፍራንክ መንገዱን አንድ ጊዜ በእግሩ አውቆታልና።

ጁዳና ሳሊም በመጨረሻ ተገዝተው መጡ። ግን እነርሱ ሲመጡ ሌላ ቁስል ተከፈተ፤ በዚያው ሕግ ምክንያት። ሴቶቹ በባርነት ሳሉ ወልደዋል። እናት ስትገዛ ቀድሞ የተወለደ ልጇ አብሮ አይገዛም፤ የባለቤቱ ነው። ፍራንክ ልጆቹን ሲጨርስ የልጅ ልጆቹ ተራ ደረሰ። ሰባዎቹን እያገባደደ ነው። በዚህ ላይ ኢሊኖይ በ1853 ሌላ ሕግ አወጣች፤ ጥቁር ሰው ከውጭ መጥቶ በግዛቲቱ ከ10 ቀን በላይ እንዳይቀመጥ የሚከለክል። ልጆቹ በባርነት ኬንታኪ፣ መግቢያው በሕግ የተዘጋ ኢሊኖይ፣ በመካከል አንድ ሽማግሌ።

በመስከረም 1854 በ77 ዓመቱ አረፈ። በኑዛዜው ከንብረቱ እየተሸጠ የቀሩት የልጅ ልጆች እንዲገዙ አዘዘ። ሰሎሞን፣ ያ በ550 ዶላር የተገዛው ልጅ፣ ዋናውን ሸክም ተሸክሞ ኑዛዜውን ፈጸመ፤ ሕጉ ቢከለክልም አምጥተው ቤታቸው አስገቧቸው። ሲደመር ፍራንክን ጨምሮ ቢያንስ 16 ሰው ነው፤ የተከፈለው ወደ 14,000 ዶላር ይጠጋል። በዚያ በነገርኳችሁ የመሬት ዋጋ ከ110 ጋሻ በላይ።

ይህን ሳወራ ስለ ራሳችንም መናገር ግዴታዬ ይመስለኛል። ሰው በገበያ የተሸጠው በእነርሱ አገር ብቻ አይደለም። በእኛም አገር ባሪያ ፈንጋይ ነበረ፤ ባርነትን ጨርሶ የሻረው አዋጅ የወጣው በ1942፣ በእኛ በ1934 ዓ.ም. ነው። ከአያቶቻችን መካከል የተሸጡም የሸጡም አሉ፤ ሰባት ቤት ስንቆጥር የምንዘልለው ስም ይኖራል። የማክዎርተር ቤተሰብ ግን ምንም አልዘለለም፤ ማን በስንት ብር፣ በየትኛው ዓመት፣ ከማን እጅ እንደተገዛ ያውቃሉ።

ከተማውን የገደለው ባቡር ነው። በ1869 ከሃኒባል ወደ ምሥራቅ የተዘረጋው ሐዲድ ኒው ፊላዴልፊያ አጠገብ ሲደርስ ወደ ሰሜን ታጥፎ ዞሮት አለፈ። መሬቱ ያን ያህል መዞር እንደማይጠይቅ፣ የጥቁር ከተማ መሆኑ እንደጎዳው የሚሟገቱ ተመራማሪዎች አሉ፤ እኔም ከእነርሱ ጋር ነኝ። ጣቢያው ወዳለበት ነጋዴው ሄደ፣ አንጥረኛው ተከተለ። በ1885 አብዛኛው የከተማ ቦታ በሕግ ወደ እርሻነት ተመለሰ። ከዚያ ማረሻ ዞረበት።

ስሙ ግን አልጠፋም። ቤተሰቡ ወረቀቶቹን ከትውልድ ወደ ትውልድ በሣጥን ሲያሻግር ቆየ። የሕይወቱን ታሪክ ከነማስረጃው አጥንታ ያወጣችው የገዛ ዘሩ፣ አምስተኛ ትውልዱ የሆነች የታሪክ ፕሮፌሰር ናት። ከ2002 ወዲህ ደግሞ አርኪዮሎጂስቶች ከተማሪዎቻቸው ጋር ሜዳውን ፈትሸው የቤቶቹን መሠረት፣ የሸክላ ስብርባሪ፣ ቁልፍና አጥንት አወጡ። ቦታው በ2009 ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ተባለ፤ በ2022 መጨረሻ ደግሞ ብሔራዊ ታሪካዊ ሥፍራ ሆነ።

ከዚህ ከሴንት ሉዊስ ሁለት ሰዓት ገደማ በመኪና ነው። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ከባሪ ወደ ምሥራቅ ጥቂት ማይል ነው። የምታዩት ሣር ነው፤ ለልጆቹ ቀድማችሁ ካልነገራችኋቸው «ምን አለ እዚህ?» ይሏችኋል። ከሜዳው ብዙም ሳይርቅ መቃብሩ አለ፤ የፍራንክ መቃብር ብቻውን በ1988 በብሔራዊ የቅርስ መዝገብ ገብቷል። ሉሲም እዚያው ናት። ከሁሉ በፊት የተገዛችው እርሷ ነበረች፤ ባሏ ካረፈ በኋላ 16 ዓመት ኖራ በ1870 አረፈች። ባርነት በ1865 ሲሻር በሕይወት ነበረች፤ በዚያን ጊዜ ከልጅ ልጆቿ ገና ያልተገዛ ቢኖር እንኳ ከዚያ ወዲያ የሚከፈል ዋጋ አልነበረም።